ለኢትዮጵያውያኑ የተያዘ

እስክንድር «አዝ ኤ ብላክ ማን» የምትለዋን ሐረግ ሲለማመድ ይህ አራተኛ ጊዜው ነው። ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ፣ አንዴ ድምፁን ወፈር አንዴ ቀጠን እያደረገ ይሞክራታል። «ብላክ» ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ቁስሉን እንደ ነኩበት ሰው። ተስፋጽዮን የእስክንድርን ኩታ በሁለት እጁ ይዞ ከኋላው ቆሟል።

«እንዴት ነው ጋሼ? ያምርብኛል?»

«ምኑ?»

«ንግግሩ ነዋ! ልብ ይነካል?»

ተስፋጽዮን ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። አፉ መረረው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰምና የምግብ ነው ሊባል አይችልም። ይኸው ሰው ባለፈው ሳምንት፣ ልጁ ቲና ከአንድ ጥቁር ልጅ ጋር ምሳ ስትበላ ታየች ተብሎ ሲነገረው፣ በእድሩ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደበ «ለዚህ ነው ያሳደግኳት? ጥቁር አምጥታ ልትገድለኝ?» ሲል ሰምቶታል። የሕዝብ ቆጠራ በመጣ ጊዜም አባላቱን ሰብስቦ «ብላክ የሚለውን እንዳትነኩ፣ አዘር፣ ሌላ የሚለውን ሙሉ፣ እኛ ሐበሻ ነን» ብሎ ያስተማረው እሱ ነው። ዛሬ ራሱ ጥቁር ሊሆን ነው። ያውም ለአንድ ሰዓት ተኩል፤ ከዚያ በኋላ ምሳ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር የጥቁር ማኅበረሰብ መሪዎችን የሚያከብር አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ዘንድሮ እስክንድር ማመልከቻ አስገባና ተመረጠ። ሳን ሆዜ ይኖራል፣ ሳንታ ክላራ ቤት ይሸጣል፣ የእድሩ ሊቀ መንበር ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው። ሽልማቱ ዛሬ ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣ ኦክላንድ መሀል ከተማ በሚገኝ በዚህ አዳራሽ ይሰጠዋል። እድርተኛው ሁሉ የሀገር ልብሱን ለብሶ እንዲመጣ ታዟል፤ መጥቷልም። አዳራሹ ነጭ በነጭ ሆኗል።

ጥሪውን ያስተላለፈው ተስፋጽዮን ነው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከልጁ ከዮዲ ጋር ይኖራል። የእድሩ ሥራው ግን ጡረታ የለውም። ሰው ሲሞት የሚለፍፈው እሱ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ጡሩምባ ይዞ መንደር ለመንደር ይዞር ነበር፤ እዚህ ጡሩምባው ስልክ ነው። መልእክቱን በድምፁ ይቀዳል፣ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፣ ከሳን ፓብሎ እስከ ሳን ሆዜ ያለ እድርተኛ ሁሉ ስልኩ ይጮኻል። ስሙን እንኳ በየስልካቸው «ጡሩምባው» ብለው ነው የመዘገቡት። ሠርግ ላይ ሲያዩት «ጋሼ፣ ለዛሬ እንኳ ያቺን ስልክ ያጥፉልን» እያሉ ይቀልዱበታል። ሲደውል ግን የሚቀልድ የለም። ሹፌሩ መኪናውን ያዞራል፣ ባለ ሱቁ ሱቁን ይዘጋል፣ ተቀጣሪው ለአለቃው «ፋሚሊ ኢመርጀንሲ» ብሎ ይወጣል። በአርባ ዓመት ውስጥ ጥሪው ተነግሮ ሰው የቀረበት ቀብር አልታየም። ጥሪው ያልተነገረበት ቀብር ግን አንድ አለ። እሱን ተስፋጽዮን ያውቃል፤ ሊረሳው ሞክሮ አልሆነለትም።

ዛሬ ሁለተኛው ሊሆን ነው።

ከዚህ አዳራሽ አሥራ አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ ምሥራቅ ኦክላንድ በሚገኝ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የእድሩ አባል ቁጥር አሥራ አራት፣ ሬሣ ሣጥን ውስጥ ተኝታለች። ሚስ ኧርሊን። ሉዊዚያና ተወልዳ ኦክላንድ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። እነ ተስፋጽዮን ተሰደው ሱዳንን አቋርጠው እዚህ ከተማ ሲደርሱ እሷ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ኃላፊ ነበረች፤ እንዲጠለሉበት ቁልፉን አውጥታ የሰጠቻቸው እሷ ናት። በመጀመሪያው ክረምት አስራት የሚባል ወጣት ሳንባ ምች ገደለው። እንዴት እንደሚቀበር የሚያውቅ ጠፋ። ሬሣው ሆስፒታል ውስጥ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። ኧርሊን ናት ኮፍያዋን አድርጋ፣ ተስፋጽዮንን መኪናዋ ውስጥ አስገብታ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞራ፣ ተጨቃጭቃ፣ አስራትን አፈር ያለበሰችው። በወሩ እድር እናቋቁም ሲሉ እድር ምን እንደሆነ ጠየቀች። በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዷት። ሳቀች።

«ይህማ የእኛ ነው» አለች። «አያቴ ሉዊዚያና ነበራት። በርያል ሶሳይቲ ይባላል። ነጮቹ አንቀብርም ሲሉን እርስ በርሳችን የምንቀባበርበት ነው። በሉ እኔንም ጻፉኝ።»

ጻፏት። መዝገቡ ላይ በአማርኛ «ወይዘሮ ኧርሊን» ተብላ ተጻፈች። ከዚያ ወዲህ ያልመጣችበት ለቅሶ የለም። ቋንቋው አይገባትም፤ ጥግ ይዛ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች፣ ሲያለቅሱ ታለቅሳለች፣ በሦስተኛው ቀን በትልቅ ድስት ቀይ ባቄላና ሩዝ ይዛ ትመጣለች። ጾም ሲሆን ሥጋውን ታወጣዋለች። ማንም አልነገራትም፤ አይታ ነው ያወቀችው።

እና እስክንድር ሐሙስ ዕለት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ጥሪው እንዳይተላለፍ ያለው ለእሷ ነው።

«አባል አይደለችም አልልም» ነበር ያለው። «ግን የክብር አባል ናት ጋሼ።»

«የክብር አባል ማለት ስትሞት የማይቀብሯት ማለት ነው?»

«ኧረ እንደዚያ አይበሉ! አበባ እንልካለን። ሰኞ ወይ ማክሰኞ ኮሚቴው ሄዶ ቤተሰቦቿን ኮንዶሌንስ ያደርጋል። ቅዳሜ ግን የድርጅቱ ሰዎች ኮሚዩኒቲውን ሊያዩ ነው የሚመጡት። እርስዎ ጥሪውን ከለቀቁ ማን ይቀመጣል? ባዶ ወንበር ፊት ቆሜ ልናገር?»

ተስፋጽዮን ያን ዕለት «እሺ» ብሎ ወጣ። ልማድ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት አየር ማረፊያ ሄዶ፣ አንዲት ሻንጣ ይዞ ሲንቀጠቀጥ ያገኘው ልጅ ዛሬ ሊቀ መንበር ሆኖ ሲያዘው «እሺ» ማለትን ለምዶታል። ቤቱ ገብቶ ግን መልእክቱን ቀዳው። አልላከውም፤ ስልኩ ውስጥ አስቀመጠው።

አሁን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ዮዲ ናት። ወደ ኮሪደሩ ወጣ ብሎ አነሳው።

«ዳድ፣ ዌር አር ዩ?»

«አዳራሹ ነኝ። አንቺ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰሻል?»

«አም ሂር። ዳድ፣ ሊስን።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከኋላዋ ኦርጋን ይሰማል። ዮዲን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ፣ አባቷ ታክሲ ሲነዳ እናቷ ሆቴል ስታጸዳ፣ ያሳደገቻት ኧርሊን ናት። «ሦስት ረድፍ ሪዘርቭ አድርገዋል። በግራ በኩል። ወረቀት አለው፤ ፎር ዘ ኢትዮፒያንስ ይላል። ኤቭሪባዲ ቆሟል ዳድ፣ ቦታ የለም፣ በት እዚያ ማንም እንዳይቀመጥ አስተናጋጆቹ እየከለከሉ ነው። ግራንድ ዶተሯ ጠየቀችኝ። አር ዘይ ካሚንግ? ምን ልበላት?»

ተስፋጽዮን የክፍሉን በር ከኋላው ዘጋ።

«ዳድ?»

«ጠብቂ በያት።»

«ዩ ሴድ ዛት ላስት ታይም» አለችና ዘጋችው።

ባለፈው ጊዜ ማለቷ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ነው። የኧርሊን አንድ ልጅ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ ጨዋ ሰው፣ ከሥራ ሲመለስ ነዳጅ ማደያ ላይ በጥይት ተመታ። ማን እንደ ገደለው ሳይታወቅ ቀረ። ያኔ እስክንድር የእድሩ ጸሐፊ ነበር። «የጥይት ነገር ነው፣ ምን ውስጥ እንደነበረ አናውቅም፤ ስማችን እንዳይጎድፍ ትንሽ እንቆይ» አለ፤ የዚያን ጊዜው ሊቀ መንበርም ራሱን ነቀነቀ። ተስፋጽዮንም ቆየ። ቀብሩ አለፈ። በወሩ ኧርሊንን ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ደረጃው ላይ አገኛት። ከስታ ነበር። እሱ መሬት መሬት ሲያይ፣ እሷ ናት ክንዱን የያዘችው።

«ስልክህ ተበላሽቶ ነበር መሰለኝ፣ አይደል?» አለችው።

«አዎ» አላት። «ተበላሽቶ ነበር።»

«ገምቼ ነበር» አለችና ዮዲ እንዴት እንደሆነች ጠየቀችው። ውሸቱን እንደ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው፣ እሱም ተቀብሎ ዋጠ። ከዚያ በኋላ አንድም ለቅሶ አልቀረችም። ድስቷን ይዛ በገባች ቁጥር ተስፋጽዮን በሌላው በር ይወጣ ነበር።

እዚያው ኮሪደሩ ላይ የሐሙሱን መልእክት ለዛሬ አድርጎ እንደገና ቀዳው፤ አሁንም አልላከውም። ወደ አዳራሹ ሲመለስ ፕሮግራሙ ተጀምሯል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ፊት ለፊት የድርጅቱ ሰዎች፣ ጥቁርም ነጭም፣ በክብር ተቀምጠዋል። ከእነሱ መሀል የእስክንድር ሚስት ዕፀገነት አለች፤ ጥለቱ ክንድ የሚያህል ነጠላ ለብሳለች። ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ተናገሩ። ከዚያ እስክንድር በጭብጨባ ወጣ።

«አዝ ኤ ብላክ ማን» አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

የፊተኛው ረድፍ «ምም» አለ። ተስፋጽዮን ምላሱን በጥርሱ ያዘ። ተጸየፈው። ሰውዬውን ብቻ አይደለም፤ ኩታውን ያለበሱትን የራሱን እጆች፣ «እሺ» ያለችውን የራሱን አፍ፣ ነጭ ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ላልገባው እንግሊዝኛ የሚያጨበጭብ ይህን ሁሉ ሕዝብ። ሐበሻው ከሐበሻ ጋር ብቻ ሲሆን ስለ ጥቁሮቹ የሚያወራውን ያውቀዋል። ታክሲው ውስጥ ሰምቶታል፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰምቶታል፤ አብሮ ስቆም ያውቃል። ተነሥቶ መውጣት አማረው። ቤቱ ሄዶ አፉን ቢጉመጠመጥ ደስ ባለው።

«ማንም ለብቻው አልቆመም» ይላል እስክንድር በእንግሊዝኛ። «እኛ እዚህ አገር ስንመጣ እጇን የዘረጋችልን አንዲት ጥቁር እናት ነበረች።»

ስክሪኑ ላይ ፎቶ ወጣ።

ኧርሊን ናት። በዚያ ምድር ቤት ውስጥ፣ ኮፍያዋን አድርጋ፣ በቀጫጭን ወጣቶች ተከባ ትስቃለች። ከጎኗ ጸጉሩ የጎፈረው ተስፋጽዮን ነው። ፎቶው የእሱ ነው። ዓምና እስክንድር «ለእድሩ ታሪክ ስካን ላድርገው» ብሎ ወስዶት አልመለሰለትም። ለካ ማመልከቻው ላይ ለጥፎታል።

«ሚስ ኧርሊን እንላታለን» አለ እስክንድር፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔን እንደ ልጇ ነው ያሳደገችኝ። እርጅና ከቤት ስላዋላት ዛሬ እዚህ ልትገኝ አልቻለችም። በጸሎቷ ግን ከእኛ ጋር ናት።»

የድርጅቱ ሰብሳቢ፣ ግራጫ ጸጉር ያላት ጥቁር ሴት፣ በመሐረብ ዓይኗን ጠረገች።

ተስፋጽዮን ስልኩን አወጣ። መልእክቱን አገኘውና ቁልፏን ተጫነ።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ስልክ ማጉረምረም ጀመረ፤ በየኪሱ፣ በየቦርሳው፣ በየጭኑ ላይ። ስልክ ይጠፋ ተብሎ ነበር፤ የእድር ጥሪ ሊመጣ ይችላልና ግን ስልኩን የሚያጠፋ እድርተኛ የለም። ሰዎች አጎንብሰው ስሙን አዩት። ከዚያም፣ ጆሮዋ ስለማይሰማ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጋ የምታዳምጠው ወይዘሮ ብርነሽ አነሳችው፤ የተስፋጽዮን ድምፅ በመሀል አዳራሹ ጮኸ።

«እድርተኞች! የእድራችን አባል ቁጥር አሥራ አራት፣ ወይዘሮ ኧርሊን፣ ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ረፋድ ላይ እድራችን በተቋቋመበት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። የመቀመጫ ቦታ ተይዞልናል።»

እስክንድር ንግግሩን አቋረጠ። አሜሪካኖቹ የቴክኒክ ችግር መስሏቸው ፈገግ እያሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ብርነሽ ስልኩን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ እንደገና ስልኩን አየች። ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ አስራት የእሷ ወንድም ነበር። ዱላዋን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ገለበጠች፣ ጥለቱን ወደ ታች ከነበረበት ወደ አንገቷ አመጣች። ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው።

«ሞታለች!» አለች። ለማንም አልነበረም።

ከጎኗ ያለችው ተነሣች። ከኋላዋ ሁለት። ከዚያ ከመሀል፣ ከዳር፣ አንዱ ሹፌር ሥራ እንደሚሄድ ሰው የመኪና ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ። ነጠላ ይገለበጣል፤ ጥለት ወደ አንገት ይወጣል። ሁሉም አይደለም። ብዙው ስልኩን አይቶ ኪሱ ከትቶ ምንም እንዳልሰማ ሰው መድረኩን ማየቱን ቀጠለ፤ ተስፋጽዮን እነሱንም አንድ በአንድ አያቸው። ስማቸውን ያውቃል። የእናታቸውን፣ የወንድማቸውን ሞት የለፈፈው እሱ ነው። ኧርሊንም ድስቷን ይዛ ሄዳላቸዋለች።

የፊተኛው ረድፍ ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ተረዳው። ሕዝቡ ሲነሣ አይቶ፣ ክብር መስሎት፣ እሱም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። እስክንድር ከልማድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለ። ቀና ሲል ጥለቶቹን አየ። ከፊት ካለው ሰው ሁሉ መሀል ያንን ምልክት ማንበብ የሚችሉት እሱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ዕፀገነት ወደ ኋላ ዞራ አየች፤ እጇ ሄዶ ነጠላዋ ጫፍ ላይ አረፈ፣ ባሏን አየች፣ እጇ እዚያው ቀረ።

ተስፋጽዮን ወጣ። ማን እንደ ተከተለው አላየም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነጭ ጓንት ያደረገች አስተናጋጅ ቆማለች። በውስጥ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እስከ በሩ ድረስ ሞልቷል።

«ፋሚሊ?» አለችው በሹክሹክታ።

አርባ ዓመት በየፎርሙ ላይ ስለ ራሱ የሞላው ሁሉ ለዚህች ጥያቄ አልረዳውም።

«በርያል ሶሳይቲ» አላት።

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ክንዱን ይዛ በመሀለኛው መንገድ ወሰደችው። በግራ በኩል ሦስቱ ረድፎች ባዶ ናቸው። ወረቀቶቹ እንደ ተለጠፉ ናቸው። ከመጀመሪያው ረድፍ መሀል ላይ ዮዲ ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ ኮቷን በአንድ በኩል፣ ቦርሳዋን በሌላው በኩል አስቀምጣለች፤ ቦታ ለመያዝ። አየችው። ምንም አላለችም፤ ኮቷን አነሣችለት።

አልተቀመጠም። ሣጥኑ ክፍት ነው። እንዲህ ፊቱ የተገለጠ ሬሣ አጠገብ ሄዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ በተሸፈነው ላይ ነው የሚያለቅሰው። ኮፍያዋን አድርገውላታል። ስልኩን በእጁ እንደ ጨበጠ ጎንበስ አለባት።

«ስልኬ አልተበላሸም ነበር» አላት።

በአማርኛ ነው ያለው። ቋንቋው እንደማይገባት ትዝ አለውና እሷ በምትሰማው ደገመላት፤ ቃል በቃል፣ ቀስ እያለ፣ ዮዲ እየሰማች። ከኋላው የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲከፈት ተሰማው። የዱላ ድምፅ ገባ። በሩ አልተዘጋም፤ አንድ ሰው ለሌላው እንደ ያዘለት ክፍት ቆየ። ተስፋጽዮን አልዞረም። ሊጨርስላት የሚገባው ገና አለ።